መቶ ሚሊ ሊትር ውሃ ምን ይመሰክራል?

ወደምሠራበት የውሃ ጥራት ላቦራቶሪ ከሚመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ውሃቸውን የሚያመጡት በሃይላንድ ነው። ጠርሙሱን ሁለት ሦስት ጊዜ አለቅልቀው፣ እስከ አፉ ሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቀውና በፌስታል ጠቅልለው ያቀርቡና «ይቺን ውሃ መርምሩልን፣ ልጆቹን ሆዳቸውን እያመማቸው ነው» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ጠርሙስ የመጣውን ውሃ መርምሬ የምሰጠው ውጤት ከቤታቸው ውሃ ጋር ጠርሙሱን፣ ክዳኑን፣ የቀዳውን እጅና ታክሲ ውስጥ ያለፈውን ሰዓት አደባልቆ የሚናገር ስለሚሆን ናሙናውን አልቀበልም፤ ንጹሕ የናሙና ጠርሙስ ሰጥቼ፣ አቀዳዱን አስረድቼ እመልሳቸዋለሁ። አብዛኞቹ ቅር ይላቸዋል። «አንድ ጠርሙስ ውሃ ለመመርመር ይህ ሁሉ ምልልስ ለምን?» ማለታቸውም አይፈረድበትም።

ስለዚህ ከናሙና አቀዳድ ጀምሮ ውጤቱ በወረቀት ላይ ሰፍሮ እስኪነበብ ያለውን ሥራ በዝርዝር ልጽፈው ወደድሁ። አቋሜንም አስቀድሜ ልናገር፦ በአገራችን ሁኔታ የባክቴሪያ ምርመራን ተአማኒነት ከላቦራቶሪው ዕቃ ውድነት ይልቅ ናሙናው የት፣ መቼና እንዴት እንደተቀዳ ይወስነዋል። ውጤቱን ተቀብለው በፍሬም ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉ ሰዎችም ወረቀቱ የሚናገረውን ከሚችለው በላይ ያናግሩታል።

በመጀመሪያ የምንፈልገው ምን እንደሆነ ግልጽ መሆን አለበት። በውሃ ወለድ በሽታዎች ስም ዝርዝር ውስጥ ታይፎይድ፣ ኮሌራ፣ በሺጌላ የሚመጣ ተቅማጥ፣ ሄፓታይተስ ኤ፣ ጃርዲያና አሜባ ይገኛሉ። እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ በውሃ ውስጥ መፈለግ ለእያንዳንዳቸው የተለየ ዘዴ፣ በላቦራቶሪ የሚራቡበት የተለየ ምግብና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከዚህም በላይ በሽታ አምጪዎቹ በውሃው ውስጥ የሚገኙት አልፎ አልፎና በጥቂት ቁጥር በመሆኑ ዛሬ አለመገኘታቸው ለነገ ምንም ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ የውሃ ባለሙያዎች ከመቶ ዓመት በላይ የሚጠቀሙበት መንገድ ሌላ ነው፦ በሰውና በሌሎች ደመ ሞቃት እንስሳት አንጀት ውስጥ ዘወትር በብዛት የሚኖር፣ ከዓይነ ምድር ጋር የሚወጣና በቀላሉ የሚቆጠር ባክቴሪያን መፈለግ። አዳኝ ሌሊት የገባውን ጅብ ለማወቅ ዱካውን እንደሚመለከት ሁሉ እኛም ዱካ ነው የምንፈልገው። ዱካው መታየቱ ጅቡ አሁን ደጅ ላይ ቆሟል ማለት አይደለም፤ በዚህ በኩል የሚገባበት ቀዳዳ እንዳለ ግን ያረጋግጣል።

ለዚህ ሥራ የተመረጠው ኢ. ኮላይ ነው። ይህን ባክቴሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጸው ቴዎዶር ኤሸሪኽ የተባለው የሕፃናት ሐኪም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1885 የሕፃናትን ዓይነ ምድር ሲመረምር ነበር ያገኘው። ከአንጀት የወጡትን በአፈርና በዕፅዋት ላይ ከሚኖሩት ዘመዶቻቸው ለመለየት በሙቀት መጠቀምን ያመጣው ደግሞ ክርስቲያን ኤይክማን ነው፤ ቀደም ሲል በቤሪቤሪ በሽታ ላይ ባደረገው ምርምር ኋላ እ.ኤ.አ. በ1929 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሐኪም ማለት ነው። ኤይክማን እ.ኤ.አ. በ1904 ያሳየው ነገር ቀላል ነበር፦ ከደመ ሞቃት እንስሳት አንጀት የመጡት ባክቴሪያዎች 46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ መራባት ሲችሉ ከሌላ ስፍራ የመጡት አብዛኞቹ አይችሉም። ዛሬ የምንሠራበት ሙቀት ወደ 44 ወይም 44.5 ዝቅ ብሏል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው። በዚህ ሙቀት የሚያድጉትን ብዙ ሰው «ፊካል ኮሊፎርም» ይላቸዋል፤ ከእነርሱም መካከል እንደ ክሌብሲየላ ያሉ፣ ከበሰበሰ ዕፅዋት ሊመጡ የሚችሉ ስላሉበት ሙቀት ቻይ ኮሊፎርም ማለት ይበልጥ ትክክል ነው። ኢ. ኮላይንና ዘመዶቹን ሁሉ የሚይዘው፣ ጠቅላላ ኮሊፎርም የሚባለው ሰፊው ቡድን ግን በአፈር ውስጥም በብዛት ስለሚኖር፣ ካልታከመ የምንጭ ውሃ ላይ መገኘቱ ብቻውን ዓይነ ምድር ገብቷል አያሰኝም።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የሚለው አጭር ነው፦ ለመጠጥ በሚውል በማናቸውም 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ኢ. ኮላይ ወይም ሙቀት ቻይ ኮሊፎርም መገኘት የለበትም። የኢትዮጵያ አስገዳጅ የመጠጥ ውሃ ደረጃም ከዚህ አይለይም። 100 ሚሊ ሊትር ትንሽ የሻይ ብርጭቆ የሚይዘው ያህል ነው። በአንድ ግራም ትኩስ ዓይነ ምድር ውስጥ እስከ አንድ ቢሊዮን የሚደርስ ኢ. ኮላይ ሊኖር እንደሚችል ላሰበ ግን፣ በዚያ ብርጭቆ ውስጥ አንዲት እንኳ መገኘቷ ለምን እንደሚያሳስብ ይገባዋል።

አሁን ወደ ናሙናው። ሰፋ አድርጌ የምጽፈው በዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ከእኛ ጋር ከሚነሱት ክርክሮች አብዛኞቹ እዚህ ላይ የሚፈቱ ናቸው።

የናሙናው ጠርሙስ በአውቶክሌቭ፣ ማለትም በታፈነ እንፋሎት ባክቴሪያን በሚገድል ዕቃ፣ የተቀቀለ መሆን አለበት፤ ውሃው ክሎሪን ያለበት ከሆነ ደግሞ ከመቀቀሉ በፊት ጥቂት ሶዲየም ታዮሰልፌት ይጨመርበታል። ይህ ጨው ክሎሪኑን ወዲያው ያከሽፈዋል። ባይኖር ኖሮ ክሎሪኑ በመንገድ ላይ እያለ ባክቴሪያውን መግደሉን ይቀጥልና ላቦራቶሪ የሚደርሰው ውሃ ሰዎቹ ከሚጠጡት ውሃ የተሻለ ሆኖ ይገኛል። ጠርሙሱን በሚቀዳው ውሃ ማለቅለቅ የሚከለከለውም ለዚህ ነው፤ ለንጽሕና ብሎ የሚያለቀልቅ ሰው ጨውን ነው የሚደፋው። ይህን የሰው ልጅ ጠባይ ለማሸነፍ ምን ያህል እንደሚቸግር የሚያውቀው የሞከረ ብቻ ነው፤ «አታለቅልቁት» ብዬ አስጠንቅቄ ሰጥቻቸው፣ ጠርሙሱ በንጹሕ ውሃ መታጠቡን በኩራት የሚነግሩኝ ሰዎች አሉ።

ከቧንቧ ሲቀዳ በመጀመሪያ በቧንቧው አፍ ላይ የታሰረው ጎማ ወይም ጨርቅ ይነሣል። ቧንቧው ተጠርጎ ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ ይለቀቃል፤ ከዚያ ይዘጋና አልኮል በነካ ጥጥ ተለኩሶ አፉ በእሳት ይለበለባል። ፕላስቲክ ከሆነ በአልኮል ወይም በክሎሪን ይወለወላል። እንደገና ተከፍቶ ለአፍታ ከፈሰሰ በኋላ ጠርሙሱ ከሥሩ ተይዞ፣ ክዳኑ አፉ ወደ ታች እንደተደፋ በሌላው እጅ ተይዞ፣ የትም ሳይቀመጥና በጣት ሳይነካ ይቀዳል። እስከ አፉ አይሞላም፤ ላቦራቶሪ ሲደርስ ተንጦ እንዲደባለቅ ከላይ የሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይተውለታል። የእጅ ጉድጓድ ከሆነ የተቀቀለ ጠርሙስ ከድንጋይ ጋር ታስሮ በገመድ፣ የጉድጓዱን ግድግዳ ሳይነካ ይወርዳል።

ይህ ሁሉ ትክክል የሚሆነው ግን ጥያቄው «በመስመሩ ውስጥ ያለው ውሃ እንዴት ነው?» ሲሆን ነው። ጥያቄው «ቤተሰቡ የሚጠጣው ውሃ እንዴት ነው?» ከሆነ የቧንቧውን አፍ በእሳት መለብለብ ስሕተት ይሆናል፤ ምክንያቱም ሰዎቹ ቧንቧውን ለብልበው አይጠጡም። እንዲያውም በዚህ ጊዜ ናሙናው መወሰድ ያለበት ከጀሪካኑ፣ ቤተሰቡ ዘወትር በሚቀዳበት ጆግ ወይም ኩባያ ተቀድቶ ነው። አንድ ባለሙያ ናሙና ሊወስድ ቤት ሲገባ ከባለቤቲቱ የሚጠይቀው «እንደ ሁልጊዜው የሚጠጣ ውሃ ይስጡኝ» ብሎ ነው፤ እንግዳ ነው ብለው ኩባያውን በሳሙና አጥበው ካቀረቡለት የሚመረምረው የዕለቱን ውሃ ሳይሆን የእንግዳ አቀባበሉን ይሆናል።

የተቀዳው ናሙና ከብርሃን ተከልሎ፣ ወደ በረዶ ሳይለወጥ ነገር ግን ከ10 ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ መጓዝ አለበት። ምርመራው በ6 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፤ ከ24 ሰዓት ካለፈ በኋላ የሚሠራ ምርመራ ዋጋ የለውም። በካርታ ላይ ቀላል የሚመስለው ይህ ደንብ በእኛ መንገድ ላይ ከባድ ነው። ከአንድ የገጠር ወረዳ ጠዋት የተቀዳ ናሙና አውቶቡስ ጠብቆ፣ አድሮ፣ የበረዶ ሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ቀልጦ፣ የጠርሙሶቹ ክዳን በዚያው ውሃ ውስጥ ተነክሮ የሚደርስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። እንዲህ የመጣ ናሙና ባክቴሪያው ሞቶም ተራብቶም ሊሆን ስለሚችል ቁጥሩ ወደየት እንዳጋደለ እንኳ ማወቅ አይቻልም።

በላቦራቶሪ ውስጥ የምንጠቀምበት ዋናው ዘዴ በሜምብሬን ማጥለል ነው። ሜምብሬኑ 47 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ በቀጫጭን መስመሮች በአራት ማዕዘን የተከፋፈለ ነጭ ስስ ወረቀት የሚመስል ነገር ነው። የቀዳዳዎቹ ስፋት 0.45 ማይክሮ ሜትር በመሆኑ ውሃው ሲያልፍ አንድ ሁለት ማይክሮ ሜትር የሚረዝመው ባክቴሪያ ላዩ ላይ ይቀራል። ወረንጦው በእሳት ተለብልቦ ከቀዘቀዘ በኋላ ሜምብሬኑን በጠርዙ ብቻ ይይዛል፤ መስመሮቹ ወደ ላይ እንዲሆኑ በማጥለያው ላይ ይቀመጣል። ውሃው የሚፈስስበት የማጥለያው የላይኛው ክፍል ቀስ ተደርጎ ይገጠማል፤ ናሙናው ተንጦ 100 ሚሊ ሊትር ይፈስስበታል፤ ፓምፑ ከሥር ይስበዋል። ውሃው ሲያልቅ ሜምብሬኑ ተነሥቶ በምግብ ፈሳሽ በራሰ ንጣፍ ላይ ከአንድ ወገን ጀምሮ እየተንከባለለ ይተኛል፤ ከሥሩ የአየር አረፋ ከቀረ በዚያ ቦታ ያለው ባክቴሪያ ምግብ ስለማያገኝ አያድግም።

የዕቃ ማምከን፣ ማለትም በዕቃው ላይ ያለውን ባክቴሪያ ሁሉ የመግደል ሥራ፣ በደጋ አገር የራሱ ጣጣ አለው። በመመሪያ መጻሕፍት ሁሉ ላይ አውቶክሌቭ በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ እንዲሠራ ተጽፏል፤ ብዙዎቹም ይህን ሙቀት ለማግኘት የግፊት መለኪያው 15 ፒ.ኤስ.አይ. ላይ እንዲደርስ ያዛሉ። ይህ ግን በባሕር ጠለል ደረጃ ለሚሠራ ሰው የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ በዙሪያችን ያለው አየር ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፤ መለኪያው የሚያሳየው ደግሞ ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ 121 ዲግሪ የሚገኘው መለኪያው 18 ወይም 19 ሲደርስ ነው። ሙቀቱን ራሳቸው የሚለኩ ዘመናዊ አውቶክሌቮች ይህን ያስተካክሉታል፤ በምድጃ ላይ የሚጣዱት የግፊት ድስት ዓይነቶቹ ግን ምንም አይናገሩም። በዚሁ ምክንያት አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ይህን የሰሙ ሰዎች «እንግዲያው ማፍላትም አይጠቅምማ?» ብለው ይደነግጣሉ፤ ኢ. ኮላይም ሆነ ሌሎቹ የአንጀት ባክቴሪያዎች ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀት ይሞታሉና መደንገጥ አያስፈልግም። ከ2,000 ሜትር በላይ በሚገኝ ቦታ ውሃው ተንተክትኮ ከፈላ በኋላ ለሦስት ደቂቃ መተው በቂ ነው።

ሜምብሬኑ በተኛበት ፔትሪ ዲሽ በተባለው ባለ ክዳን ትንሽ ሳህን ውስጥ ያለው ምግብ እንደየላቦራቶሪው ይለያያል። በመስክም ሆነ በላቦራቶሪ በብዛት የሚሠራበት ላውሪል ሰልፌት የሚባለው ነው። ላክቶስ የተባለው የወተት ስኳር፣ ሌሎችን ባክቴሪያዎች የሚከለክል ሳሙና መሰል ውህድና ፊኖል ሬድ የተባለ ቀለም አለበት። ላክቶስን የሚበላው ባክቴሪያ አሲድ ሲያወጣ ቀዩ ቀለም በዚያ ነጥብ ላይ ቢጫ ይሆናል። ዲሹ ግን በቀጥታ ወደ 44 ዲግሪ አይገባም፤ በመጀመሪያ ከአንድ እስከ አራት ሰዓት በክፍሉ ሙቀት ይቆያል። ከብርድ ወይም ከክሎሪን የተረፈ ባክቴሪያ ቁስለኛ ነው፤ ሳያገግም በድንገት ከፍ ወዳለ ሙቀት ቢገባ ይሞትና ውሃው ንጹሕ ይመስላል። ሥራ በበዛበት ቀን ሰው ቶሎ ወደ ቤቱ ለመሄድ ሲል የሚዘላት ደረጃ ይህች ናት፤ በወረቀቱ ላይም ምልክት አትተውም።

ከዚያ ኢንኩቤተር በተባለው ሙቀቱን አንድ ዓይነት አድርጎ በሚጠብቅ ሳጥን ውስጥ ከ14 እስከ 18 ሰዓት ይቆያል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ የሙቀቱ መዋዠቅ ከግማሽ ዲግሪ ሊበልጥ አይገባም። መብራት ሌሊት ጠፍቶ ጠዋት ቢመጣ ኢንኩቤተሩ 44 እያሳየ ይጠብቅሃል፤ በመካከሉ ስንት ሰዓት እንደቀዘቀዘ የሚያውቀው ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ሙቀት የሚመዘግብ ቴርሞሜትር ብቻ ነው። ይህ ዕቃ ከኢንኩቤተሩ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት ነው፤ የሌለበትን ላቦራቶሪ ውጤት ለማመን እቸገራለሁ።

ጠዋት ዲሹ ሲከፈት የሚታየው ነገር ከሩቅ ምንም አይመስልም። በሐምራዊ መደብ ላይ ከአንድ እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር የሚሰፉ ቢጫ ነጥቦች ናቸው፤ እያንዳንዷ ከአንዲት ባክቴሪያ ተነሥታ በሚሊዮኖች የተራባች ኮሎኒ ናት። ሐምራዊ ወይም ቀለም የለሽ የሆኑት አይቆጠሩም። ቆጠራው በአጉሊ መነጽር፣ መስመሩን ተከትሎ፣ ቶሎ መከናወን ይገባዋል፤ ዲሹ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ቢጫው እየደበዘዘ ወደ ሐምራዊ ይመለሳልና ሻይ ጠጥቶ የተመለሰ ሰው የሚያገኘው ቁጥር ሌላ ነው። ኮሎኒዎቹ ተጣብቀው የሚለዩ ካልሆኑ «ለመቁጠር የማይቻል» ተብሎ ይጻፍና ናሙናው በ10 ወይም በ1 ሚሊ ሊትር እንደገና ይሠራል። በክረምት የሚመጣ ድፍርስ ውሃም ሜምብሬኑን ስለሚደፍነው በትንሽ መጠን ለመሥራት እንገደዳለን። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ በ10 ሚሊ ሊትር ውስጥ ምንም አለመገኘቱ በ100 ውስጥ ምንም የለም ማለት አይደለም። በትክክል የሚጻፈው «በ100 ሚሊ ሊትር ከ10 በታች» ተብሎ ነው፤ ይህ ደግሞ የመጠጥ ውሃን ደረጃ ማሟላቱን አያረጋግጥም።

ከዕለቱ ናሙናዎች ጋር ሁልጊዜ የመከነ ውሃ በዚያው ማጥለያ ያልፋል። በዚህ ዲሽ ላይ አንዲት ቢጫ ነጥብ ብትታይ የዕለቱ ሥራ በሙሉ ውድቅ ነው። ለአንድ ላቦራቶሪ ገንዘብ ልትከፍሉ ስትሄዱ «የመከነ ውሃ መቆጣጠሪያ አብራችሁ ትሠራላችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ከመልሱ ብዙ ነገር ትረዳላችሁ።

ሌሎች ዘዴዎችም አሉ። በትንንሽ የምግብ ቱቦዎች የሚሠራው የቆየው ዘዴ በውስጡ በተደፋችው ትንሽ ቱቦ የሚጠራቀመውን ጋዝ አይቶ ከሰንጠረዥ ግምታዊ ቁጥር ያወጣል፤ ለድፍርስ ውሃ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን እስከ ማረጋገጫው ድረስ ቀናት ይፈጃል። በኢንዛይም የሚሠራው አዲሱ ዘዴ በ24 ሰዓት ውስጥ ለኮሊፎርም ቢጫ፣ ለኢ. ኮላይ ደግሞ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ሰማያዊ ብርሃን ያሳያል፤ ቀላልና አስተማማኝ ነው፣ ዱቄቱ ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በሕንድ ተመራማሪዎች የቀረበው፣ ውሃው ሲጠቁር መበከሉን የሚያመለክተው የሃይድሮጂን ሰልፋይድ ምርመራ ለመንደር ትምህርት የሚጠቅም ቢሆንም ከዓይነ ምድር ውጭ በሆኑ ባክቴሪያዎችም ሊጠቁር ይችላል።

ስለ መስክ መመርመሪያ ሻንጣ ግን ትንሽ ማለት አለብኝ፤ ምክንያቱም ከወረዳ የሚመጣውን የናሙና ጉዞ ችግር የሚፈታው እርሱ ነው። በብዙ ወረዳዎች የሚታወቀው ዴላጓ የተባለው ሻንጣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በእንግሊዝ አገር በሰሪ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ሲሆን፣ በባትሪ የሚሠራ ኢንኩቤተርና የእጅ ፓምፕ አለው። ማጥለያው የሚመክነው ጥቂት ሜታኖል ተጨምሮ፣ ተለኩሶ፣ እሳቱ ሊጠፋ ሲል ተከድኖ ነው፤ አየር አጥሮት በደንብ ያልነደደው ሜታኖል ፎርማልዴሃይድ የተባለ ጋዝ ያወጣና በ15 ደቂቃ ውስጥ ዕቃውን ያመክነዋል። ሜታኖል ሲያልቅ ከፋርማሲ የተገዛ ተራ አልኮል መተካት የተለመደ ነው። ተራው አልኮል ኤታኖል ስለሆነ እሳቱ ያምራል፤ ፎርማልዴሃይድ ግን አይሰጥም፤ ስለዚህ ከአንዱ ምንጭ የቀረው ባክቴሪያ ወደሚቀጥለው ምንጭ ውጤት ይሻገራል። አንድ የጎለበተ፣ ማለትም በግንብ ተከልሎ የተሠራ ምንጭ፣ ከወንዝ ውሃ ቀጥሎ ተመርምሮ «ተበክሏል» ሲባል መጀመሪያ የምጠይቀው በምን እንዳመከኑት ነው።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ንባቡ ይመጣል። በተለምዶ ዜሮ ደረጃውን ያሟላ፣ ከ1 እስከ 10 ዝቅተኛ ሥጋት፣ ከ11 እስከ 100 መካከለኛ፣ ከ100 በላይ ከፍተኛ ሥጋት ያለበት ተብሎ ይመደባል። ይህ ምደባ የሚጠቅመው ብዙ የውሃ ተቋማት ኖረው ገንዘቡ ለሁሉም በማይበቃበት ጊዜ ከየትኛው እንደሚጀመር ለመወሰን ነው። ይሁንና ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ ወደ ቦታው ሄዶ መጸዳጃ ቤቱ ከጉድጓዱ በስተላይ መሆን አለመሆኑን፣ የምንጩ አጥር መፍረሱን፣ የጉድጓዱ ሲሚንቶ መሰንጠቁን፣ ከብት የሚጠጣበት ኩሬ አጠገቡ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። በበጋ የተወሰደ ናሙና ዜሮ ሆኖ፣ ጉድጓዱ ግን ከላዩ መጸዳጃ ቤት ካለው፣ እኔ የማምነው ዓይኔን ነው፤ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲወርድ ያ ዜሮ ይሻራል።

ዜሮ ራሱ የማይሸፍነውም ነገር አለ። ክሎሪን ኢ. ኮላይን በቀላሉ ይገድላል፤ የጃርዲያ እንቁላል መሰል ዛጎሎች ግን በጣም ይቋቋሙታል፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ሌላው የአንጀት ጥገኛ ደግሞ በተለመደው የክሎሪን መጠን ከነጭራሹ አይሞትም። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ ወደ 400,000 የሚገመት ሕዝብ በክሪፕቶስፖሪዲየም ሲታመም፣ ከማጣሪያ ጣቢያው የወጣው ውሃ የኮሊፎርም ደረጃውን ያሟላ ነበር፤ አስቀድሞ ከፍ ብሎ የታየው የውሃው ድፍርስነት ነው። ስለዚህ ክሎሪን የሚጨመርበትን ውሃ ውጤት ስንጽፍ ድፍርስነቱንና ቀሪ ክሎሪኑን አብረን መለካት አለብን። የውሃው ድፍርስነት ከ5 ኤን.ቲ.ዩ. (የድፍርስነት መለኪያ አሃድ) በታች ሆኖ፣ ቧንቧው ላይ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ቀሪ ክሎሪን ካለው፣ ያ ዜሮ የሚታመን ዜሮ ነው። ቀሪ ክሎሪን ለመለካት አንዲት ክኒን ውሃው ውስጥ ጥሎ የሮዝ ቀለሙን ከሰሌዳ ጋር ማስተያየት ይበቃል፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው፣ ነገ ድረስም አያስጠብቅም። የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎች በዓመት አንድ ጊዜ የባክቴሪያ ምርመራ ከሚያሠሩ ይልቅ ይህቺን መለኪያ ገዝተው በየሳምንቱ ቢለኩባት ገንዘባቸው የተሻለ ሥራ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2016 ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ባካሄደው የማኅበራዊና ኢኮኖሚ ጥናት ውስጥ የመጠጥ ውሃ በኢ. ኮላይ መበከሉ በየቤቱና በየመቅጃው ተመርምሮ ነበር። ከመቅጃው ይልቅ ቤት ውስጥ የተቀመጠው ውሃ የባሰ ተበክሎ መገኘቱ እኛ በየዕለቱ የምናየውን የሚያረጋግጥ ነው። በከተማም ውሃ በፈረቃ ሲመጣ መስመሩ ባዶ በሚሆንበት ሰዓት ግፊቱ ይወድቅና በተሰነጠቀ ቧንቧ በኩል በዙሪያው ያለውን ፍሳሽ ይስባል፤ ውሃው ተመልሶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደው ይህ ነው። ከዚያ ወደ ሮቶ ይገባል። ክዳኑ የተነሣ፣ ከተተከለ ጀምሮ ያልታጠበ፣ ሥሩ ላይ ደለል የተኛበት ሮቶ የቀረውን ክሎሪን ይበላዋል። ከሮቶው ወደ ጀሪካን፣ ከጀሪካኑ ወደ ኩባያ ሲሄድ ደግሞ የሰው እጅ ይጨመርበታል። ጀሪካን አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባበትም፤ በዚህ ከባልዲ ይሻላል። በዚያው ልክ ውስጡን ማሸት አይቻልም፤ እናቶቻችን አሸዋና ጠጠር ጨምረው የሚንጡት ግድግዳው ላይ የተለጠፈው አረንጓዴ ልባስ በማለቅለቅ ብቻ እንደማይለቅ ስለሚያውቁ ነው።

ስለዚህ በሃይላንድ ውሃ ይዘው ለሚመጡት ሰዎች የምመክራቸው አንድ ናሙና ሳይሆን ከሦስት ቦታ እንዲያስወስዱ ነው፦ ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ቧንቧ፣ ከሮቶው መውጫ፣ ከሚጠጡበት ኩባያ። ሦስቱ በአንድ ቀን ተቀድተው ሲመረመሩ ባክቴሪያው የሚገባበት ቦታ ይታወቃል። የመጀመሪያው ንጹሕ ሆኖ ሁለተኛው ከተበከለ ጥፋቱ የሮቶው ነው፤ ሁለቱ ንጹሕ ሆነው ሦስተኛው ከተበከለ የጀሪካኑና የኩባያው። የመጀመሪያው ራሱ ከተበከለ ጉዳዩ የመስመሩ ስለሆነ ውሃ ለሚያቀርበው መሥሪያ ቤት መነገር አለበት፤ እስከዚያው ማፍላት ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ከአንድ ነጥብ ብቻ የተወሰደ ናሙና «ተበክሏል» ከማለት አልፎ ማንን ማስተካከል እንደሚገባ ስለማይናገር፣ ጎረቤትንና ኮሚቴን ሲያጨቃጭቅ ይከርማል።

ጥፋቱ የሮቶው ሆኖ ከተገኘ ውሃው ተደፍቶ፣ ደለሉ ተጠርጎ፣ ግድግዳው ታሽቶ እንደገና ይሞላል። 5 ከመቶ ክሎሪን ያለው፣ ሽታና ቀለም ያልተጨመረበት በረኪና ከተገኘ ለ1,000 ሊትር ሮቶ አንድ ሊትር ይበቃል፤ ይህ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ያህል ክሎሪን ይሰጣል። የበረኪናው ኃይል እየቆየ ስለሚቀንስ የተመረተበት ቀን ይታይ። ቧንቧዎቹ በየፎቁ ተከፍተው የክሎሪን ሽታ እስኪመጣ ከፈሰሰ በኋላ ተዘግቶ ለ24 ሰዓት ይቆያል፤ በዚህ ጊዜ ማንም እንዳይጠጣው በየበሩ ማስታወቂያ መለጠፍ ያስፈልጋል። ከዚያ ተደፍቶ በአዲስ ውሃ ይተካል። ሁለተኛውን ናሙና ግን በማግስቱ ይዛችሁ አትምጡ፤ የተረፈው ብዙ ክሎሪን ለጊዜው ሁሉንም ዜሮ ያደርገዋል። ሮቶው ሳምንት ያህል እንደ ወትሮው ከተጠቀማችሁበት በኋላ፣ ቀሪ ክሎሪኑ ወደ ልማዱ ሲመለስ፣ በተሰጣችሁ ጠርሙስ ሳታለቀልቁ ቅዱ፤ ክረምት ሲገባም እንደገና።